የቁልፍ ሠሪው ልጅና የሽቦው እንቢታ

ሄንሪ ካቨንዲሽ የከረንት መለኪያ ስላልነበረው በራሱ ገላ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1781 ይህ ሀብታምና ዓይን አፋር የለንደን ሰው የጨው ውሃ በሞሉ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ ያሳልፍ፣ ሲነዝረውም የአሁኑ ይበልጣል ወይስ የቅድሙ እያለ ያመዛዝን ነበር። በዚህ የሚያስፈራ መንገድ ቮልቴጅና ከረንት ወደሚዛመዱበት ሕግ በጣም ቀርቦ ነበር። ማስታወሻውን ግን ሳያሳትም ሞተ። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል አርትዖ ለሕዝብ ያበቃው በ1879 ነው፤ ያኔ ሕጉ የሌላ ሰው ስም ይዞ ቆይቷል።

ያ ሰው ጌኦርግ ዚሞን ኦም ነው። በ1789 በጀርመኗ ኤርላንገን ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ሒሳብን ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ ያወቀውን ለልጆቹ አወረሰ። ታናሹ ማርቲን የሒሳብ ሊቅ ሆነ፤ ጌኦርግ ደግሞ ከ1817 ጀምሮ በኮሎኝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተማረ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነበረው። የአባቱ ሙያም በከንቱ አልቀረም፤ ብዙውን መሣሪያ የሠራው በገዛ እጁ ነው።

ዛሬ ቮልቱን ለአምፔር አካፍሎ ሬዚስታንስ ማግኘት፣ ማለትም ሽቦው ከረንት አላሳልፍም የሚልበትን መጠን ማወቅ፣ ለተማሪ የደቂቃ ሥራ ነው። በኦም ዘመን ግን የሚካፈለውም የሚያካፍለውም ቁጥር አልነበረም። የቮልታ ባትሪ እየተለካ ሳለ ይደክማል፤ ሙከራው ሲያልቅ ኃይሉ እንደ ጅምሩ አይደለም። በ1825 ያሳተመው የመጀመሪያ ቀመር የተሳሳተውም ከዚህ የተነሣ ነው።

መውጫውን የጠቆመው የሳይንስ መጽሔት አዘጋጁ ፖገንዶርፍ ነበር። ቶማስ ዜቤክ በ1821 እንዳሳየው፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ከረንት ይፈጠራል። ኦም ቢዝሙትንና መዳብን አጋጠመ፤ አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ያዘ። ውሃው እስከፈላና በረዶው እስካለ ድረስ ምንጩ አይዋዥቅም። ከዚያ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን እያፈራረቀ አገናኘ፤ ርዝመታቸው 2፣ 4፣ 6፣ 10፣ 18፣ 34፣ 66 እና 130 ኢንች ነበር። ከረንቱን የለካው ከላይ በተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ ነው፤ መርፌዋ ስታፈነግጥ ማንጠልጠያዋን እየጠመዘዘ ወደ ቦታዋ ይመልሳትና የጥምዘዛውን መጠን ይመዘግባል።

ቁጥሮቹ በአንድ ቀመር ገጠሙ፦ ከረንቱ የሚገኘው አንድ ቋሚ ቁጥር ለሽቦው ርዝመትና ለሌላ ቋሚ ቁጥር ድምር ሲካፈል ነው። ሁለተኛው ቋሚ ቁጥር የምንጩ የራሱ ሬዚስታንስ ነው። ሽቦው በእጥፍ ሲረዝም ከረንቱ ልክ በግማሽ የማይቀንሰውም ለዚህ ነው።

በ1827 በርሊን ላይ የታተመው መጽሐፉ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው። በሒሳብ የታጨቀ ነበር፤ ተፈጥሮን በፍልስፍና እንጂ በቀመር ማሰር የማይዋጥላቸው ምሁራንም ብዙ ነበሩ። የተመኘው የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሳይገኝ የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው በ1841 ሲሆን፣ በሙኒክ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነው ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው።

ኦም በተሸለመበት ዓመት አንድ የእንግሊዝ ወጣት የታሪኩን ሌላ ግማሽ አሳተመ። ጄምስ ጁል የሳልፎርድ ቢራ ጠማቂ ልጅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር በእንፋሎት ሞተር ፈንታ ያዋጣ እንደሆነ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ ከረንት እየለቀቀ የውሃውን ሙቀት ተከታተለ። ሙቀቱ ሬዚስታንሱን ተከትሎ ይጨምራል፤ ከረንቱ በእጥፍ ሲያድግ ግን በአራት እጥፍ ይዘላል። የጁል ግኝት ከኦም ሕግ ጋር ሲጣመር ቮልት ሲባዛ በአምፔር ዋትን ይሰጣል።

ከዋሽንግተን ዘመድ የላከውን ካውያ አዲስ አበባ ላይ የሰካ ሰው ይህን ብዜት በቃጠሎው ጠረን ያውቀዋል። ለ120 ቮልት የተሠራ የ1,200 ዋት ካውያ 10 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ሬዚስታንሱ 12 ኦም ነው። በ220 ቮልት ሲሰካ ከረንቱ ከ18 አምፔር በላይ፣ ኃይሉ ደግሞ ወደ 4,000 ዋት ይደርሳል። ቮልቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ዋቱ ከሦስት እጥፍ አለፈ።

ቀመሩን ከምሁራን መጽሐፍ አውጥቶ ወደ ገበያ ያስገባው ቴሌግራፍ ነው። በ1858 የተዘረጋው የአትላንቲክ ኬብል በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጨናነቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዝም አለ፤ የባለሀብቶቹም ገንዘብ ከባሕር በታች ቀረ። በ1861 የብሪታንያ ሳይንቲስቶች የሬዚስታንስ መለኪያ የሚወስን ኮሚቴ አቋቋሙ። የኬብሉ የእያንዳንዱ ማይል ሬዚስታንስ ከታወቀ፣ የተበላሸው ቦታ ስንት ማይል ላይ እንዳለ ከባሕር ዳርቻ ሆኖ ማስላት ይቻላልና። ኦም፣ ቮልትና አምፔር የሚሉት ስሞች በ1881 በፓሪስ ጉባኤ ጸደቁ።

ኤዲሰን በዚሁ ሒሳብ መዳብ ቆጠበ። የአምፖሉ ክር 1 ኦም ቢሆን 100 ዋት ለማግኘት 10 አምፔር ያስፈልጋል፤ 100 ኦም ቢሆን ግን 1 አምፔር ይበቃል። በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ መቶኛ ይወርዳል። የሒሳብ ሰው የነበረው ረዳቱ ፍራንሲስ አፕተን ይህን ሲያሰላለት፣ ሌሎች ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ያለው ክር ሲሞክሩ እነሱ ወደ ከፍተኛው ዞሩ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 በኒው ዮርክ የፐርል ስትሪት ጣቢያ በ110 ቮልት ገደማ ሥራ ጀመረ።

ለደንበኞች የተሸጠውን ኤሌክትሪክ የሚለካው የኤዲሰን ቆጣሪ የዚንክ ሰሌዳዎች የተነከሩበት ብርጭቆ ነበር። ከከረንቱ ጥቂቱ በብርጭቆው ሲያልፍ ዚንኩ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ የኩባንያው ሠራተኛ ሰሌዳዎቹን አውጥቶ ይመዝናል። ሚዛኑ የሚናገረው ከረንቱን ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ ግን ብዙም ስለማይለዋወጥ ሒሳቡን ለመዝጋት በቂ ነበር። ደንበኛው ግን ቆጣሪውን ራሱ ማንበብ ስለማይችል የተባለውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ አልነበረውም።