ዊልሄልም ስታይኒትዝና የአገራችን ሰንጠረዥ

በቼዝ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን በመባል መጀመሪያ የታወቀው ሰው ዊልሄልም ስታይኒትዝ ነው። በ1836 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በፕራግ ከተማ ተወለደ። በ1886 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ዙከርቶርት ከተባለው ባለጋራው ጋር ገጥሞ 10 ጊዜ ረታ፥ 5 ጊዜ ተረታ፥ 5 ጊዜ እኩል ወጣ፤ ማዕርጉንም ያዘ። በ1894 ዓ.ም. በላስከር ተሸነፈ፤ በ1900 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በድኽነት ሞተ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ አብሮት አልተቀበረም። ጥቂት በጥቂት ብልጫ ሳይሰበስቡ ለማጥቃት መቸኮል ስሕተት መሆኑን በመጽሔትና በመጽሐፍ አስፍሮ ስለ ተወ፥ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ተማሩበት።

በአገራችንስ እንዴት ነበር? ይህ ጨዋታ ሰንጠረዥ ተብሎ ከጥንት ጀምሮ በመኳንንት ቤት የታወቀ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የእንግሊዙ መንገደኛ ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል።

ጨዋታው የራሱ ሕግ ነበረው። ጭፍሮቹ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይባላሉ። መጀመሪያው ወረራ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጭፍራ እስኪገድል ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መርታት እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፥ በፊል፥ በፈርዝ ወይም በመደቅ መርታት ግን ያስመሰግን ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ድሉን ብቻ ሳይሆን የድሉንም አኳኋን ይመዝኑ ነበር ማለት ነው።

ዳሩ ግን የስታይኒትዝ ጨዋታዎች እርምጃ በእርምጃ ተመዝግበው ዛሬም ሲጠኑ፥ የእነዚያ ባለሙያዎች ብልኀት ከሞላ ጐደል በቃል ቀረ። ስለ ሰንጠረዥ የምናውቀውም አብዛኛው ከውጭ አገር መንገደኞች ማስታወሻና ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ዓ.ም. ካወጡት ጥናት የተገኘ ነው። ለኛ የቀረልን ስሙ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ አስምረን ቍጥር የምንሞላበትን ገበታ ሰንጠረዥ እንለዋለን።

እኛ በደብረ ማርቆስ የምንኖር ይህን ነገር ለመረዳት አይቸግረንም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ቅኔም አንድ ጊዜ ተዘርፎ አይደገምም፤ ሰምቶ የሚጽፈው ካልተገኘ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። እንግዲህ መምህራን፥ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሽማግሎቻችንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ የነገሩንንም በስማቸው እንጻፍ። ሻምፒዮን ከሞተ በኋላ የሚኖረው በተጻፈለት ነውና።