ጎብዬ ሰማይ ላይ የሚያልፈው “ኮከብ” ለማርስ ጉዞ ምን ይጠቅማል?

ጎብዬም ሁኑ ቆቦ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ፀሐይ እንደጠለቀች ወይም ሊነጋ ሲል ቀና በሉ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሳይብለጨለጭ ዝም ብሎ የሚያልፍ ደማቅ ብርሃን ካያችሁ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሊሆን ይችላል።

ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎብዬ አዲስ አበባ ካለው የመኪና መንገድ ያንሳል ማለት ነው። መሬትን በ90 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። ከኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ተለይቶት አያውቅም።

ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ? ብዙ ነገር፤ አንዱ ግን የረጅም መንገድ ልምምድ ነው። ማርስ ለመድረስ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። መሀል መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ መመለስ የለም። ከጣቢያው ግን በሰዓታት ውስጥ መሬት መውረድ ይቻላል። ስለዚህ የሚበላሸው ነገር እዚሁ ቅርብ ሆኖ ይታወቅ ነው ነገሩ።

1. ሰውነት
ክብደት በማይሰማበት ቦታ አጥንትና ጡንቻ ይሳሳል። ጠፈርተኞች ለዚህ ብለው በቀን 2 ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራሉ። ስኮት ኬሊ በ2015 እና 2016 340 ቀን እዚያ ሲቆይ፣ መንትያ ወንድሙ ማርክ መሬት ላይ ነበር። ሐኪሞች የሁለቱን ሰውነት አወዳድረው አጥንተዋል።

2. ውሃ
የውሃን ነገር ለራያ ቆላ ሰው አንነግረውም። ጣቢያው ላይ ላብ፣ የትንፋሽ እርጥበትና ሽንት ሳይቀር ተጣርቶ ተመልሶ ይጠጣል። በ2023 ናሳ 98 በመቶውን መልሶ መጠቀም እንደተቻለ አስታውቋል። ጣቢያው የጎደለውን የጭነት መንኮራኩር ያመጣለታል፤ የማርስ መንገደኛ ግን ይህ ዕድል የለውም።

3. ምግብ
ነሐሴ 2015 ላይ ጠፈርተኞች እዚያው ያበቀሉትን ሰላጣ በሉ። ትንሽ ቢሆንም ጅምር ነው።

ጣቢያው የማይፈትነው ነገርም አለ። የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከብዙ ጨረር ስለሚከልለው፣ የሩቁን ጠፈር ጨረር በሙሉ አያሳይም። ለዚያ ወደ ጨረቃ መሄድ ግድ ነው።

ጣቢያው እያረጀም ነው። የናሳ ዕቅድ ከ2030 በኋላ ውቅያኖስ ላይ ማውረድ ነው። እስከዚያ ማየት የምትፈልጉ የናሳን “ስፖት ዘ ስቴሽን” መተግበሪያ ጫኑ፤ በአካባቢያችሁ የሚያልፍበትን ሰዓት ይነግራችኋል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም።