ሕመም የማይሰማው እግር

ስለ ጉራጌ ከተሞች ሲወራ ክትፎውና ንግዱ ይቀድማል። እኛ ግን ዛሬ ስለ ነርቭ እናውጋ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ጎራ ብትሉ «እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል፣ ሌሊት ያቃጥለኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ምክሩም ይጎርፋል፤ አንዱ የቢ ቫይታሚን መርፌ፣ ሌላው ወጌሻ፣ ሌላው ከውጭ የመጣ እንክብል ያዛል። ይህ ነገር ግን ትናንት የመጣ አይደለም፤ ቡታጅራ ውስጥ ታሪክ አለው።

በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራ ቡድን መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት ዞሮ 60,820 ሰዎች የነርቭ ሕመም እንዳለባቸው አጣርቶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። የሚጥል በሽታ ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ። ከዋነኞቹ አምስት ችግሮች መካከል ግን የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳትም ነበረበት፤ በአብዛኛው ያመጣው ደግሞ የሥጋ ደዌ ነበር። (ፕሮፌሰሩ እዚያው ቡታጅራ የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበርን የመሠረቱ ናቸው፤ ብዙ ሰው ማኅበሩን የሚያውቀው በዓይን ሕክምናው ነው።)

የሥጋ ደዌ ጣት ይቆርጣል የሚባለው ስህተት ነው። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል፤ የቀረውን እሳት፣ እሾህና ጠባብ ጫማ ይጨርሱታል። ሰውየው አያመውማ! ሐኪሙ ፖል ብራንድ ህንድ ውስጥ ይህን ካሳየ በኋላ ሕክምናው መልኩን ቀየረ። አዲስ አበባ ላይ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ተሐድሶን በስሙ ውስጥ ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አገራችን የገባው ጥምር መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተ ነርቭ ግን አያስነሳም።

ታዲያ የዳነው ሰው በደነዘዘ እግሩ እንዴት ይኑር? እኛን የገረመን መልሱ ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እግርን መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጎ መፈግፈግ፣ ርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ወይም ዘይት መቀባት። ጫማን ከማጥለቅ በፊት ማራገፍ፤ ጠጠር ቢኖርበት እግሩ አይነግረውምና። ማታ ማታ ደግሞ ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፣ ካልተቻለ ልጅን «እስቲ እይልኝ» ማለት። ቁስል ካለ አለመራመድ፤ ለገበሬና ለነጋዴ ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አለርት ሕመምተኞቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይህን የሚለማመዱባቸውን ቡድኖች ማቋቋም ጀመረ። ማኅበረሰቡ የሸሻቸው ሰዎች ዛሬ ለስኳር ሕመምተኛ የሚያስፈልገውን ትምህርት ቀድመው ይዘውታል ማለት ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ይታጠብ እንጂ አይዘፍዝፍ፤ በጣቶቹ መሐል ቅባት አያድርግ፣ ያድርቀው። የደደረ ቆዳውንም ራሱ አይፈግፍግ፣ ለባለሙያ ይተወው። ውኃውን በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ።

መታሸትስ? ቀለል ያለ እሽታ ያዝናናል፤ ከተጠቀማችሁበት አንከለክልም። የጋለ ድንጋይ፣ የፈላ ውኃ፣ ከሰል ዳር መሞቅ ግን ለማይሰማ ቆዳ ቃጠሎ ነው። ወጌሻው ቢቆጣም እንለዋለን።

ቫይታሚን የሚሠራው የጎደለው ሰው ጋ ነው። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይገኛል፤ ቆጮና ጎመን ላይ የለም። ስለዚህ ክትፎው ዓመት በዓል ብቻ ለሚደርሰው ሰው ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት ለሚወስዱ ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ነርቭን ለመጠበቅ ነው። ይኸው ቢ6 ግን ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ማስታወቂያዎቹ ይህችን አይነግሩንም። አረቄም ነርቭ ይጎዳል፤ ይህን ደግሞ እኛው አንሰማም።

የምርመራው ነገር ቀላል ነው። ሐኪሙ በ10 ግራም ግፊት የምትታጠፍ የናይለን ክር ይዞ ውስጥ እግርን ይነካል፤ እናንተ ዓይን ጨፍናችሁ «አሁን ነካኝ» ትላላችሁ። የዚህች ክር ዘመዶች የሥጋ ደዌ ክሊኒኮች ውስጥም ሲሠሩ ኖረዋል። የምርመራው ጊዜ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ወላጆቻችሁ ስኳር ካለባቸው በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልሲያቸውን አውልቀው እንዲገቡ ንገሯቸው።