ሕግን በሁለት ቋንቋ ማስተማር፦ ከአየርላንድ ታሪክ

በነሐሴ ወር 1882 (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይና በሜዮ አውራጃዎች ወሰን ላይ፣ ማምትራስና በምትባል የገጠር ቀበሌ የአንድ ቤተ ሰብ አባላት የሆኑ አምስት ሰዎች በሌሊት ተገደሉ። በወንጀሉ ተከሰው ሞት ከተፈረደባቸው ገበሬዎች አንዱ ማይልስ ጆይስ የተባለ ሰው ነበር። ይህ ሰው ከአባቶቹ ቋንቋ ከአይሪሽ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም፤ ነገሩ የታየውና የተፈረደበት ግን በደብሊን ከተማ በእንግሊዝኛ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በጎልዌይ ወህኒ ቤት ተሰቀለ። አብረውት የተሰቀሉት ሁለቱ ሰዎች እርሱ በግድያው እጁ እንደሌለበት አስቀድመው ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፤ ቃላቸው ግን ፍርዱን አላስለወጠም። ዕውቁ ደራሲ ጄምስ ጆይስ በ1907 በትሪየስቴ ከተማ በሚታተም የጣልያንኛ ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ሰው ጽፏል። የአየርላንዱ ፕሬዚዳንት ማይክል ሂጊንስ ምሕረት ያደረጉለት በ2018፣ ማለትም ከተሰቀለ ከ135 ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የአስተርጓሚን ችግር ለማስረዳት ነው። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን ጥያቄው ከችሎቱ በፊት ይጀምራል። በዚያ ዘመን በአየርላንድ ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም ሕጉን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር። በቤቱ አይሪሽ የሚናገር የሕግ ሰው እንኳ ቢገኝ፣ ክስን፣ ማስረጃንና መከላከያን በዚያ ቋንቋ የሚገልጽበትን ቃል ከማንም መምህር አልተቀበለም። ቋንቋ በፍርድ ቤት እንዲሠራ አስቀድሞ በሕግ መማሪያ ክፍል ሊነገርበት ይገባል። በአየርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግን በአይሪሽና በእንግሊዝኛ የማስተማር ሥራ የሚመዘነው በዚህ ነው።

አሮጌው የሕግ ትምህርት ቤት

አይሪሽ ለሕግ እንግዳ ቋንቋ አልነበረም። ብሪሆን በሚል ስም የሚታወቁት የአገሪቱ ጥንታዊ ሕጎች በ7ኛውና በ8ኛው ምዕት ዓመት የተጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። በእነዚህ ሕጎች ለጠፋ ነፍስ «ኤሪክ» የተባለ የደም ዋጋ ይከፈል ነበር። የሰው ክብር እንደ ማዕርጉ ይተመናል፤ ስሙም ቃል በቃል «የፊት ዋጋ» ማለት ነው። ባለዕዳው ታላቅ ሰው የሆነበት አበዳሪ ደግሞ በደጃፉ ተቀምጦ በመጾም ገንዘቡን ይጠይቅ ነበር።

ሕጉን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱ ቤተ ሰቦች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኦዳቮረን ወገን በክሌር አውራጃ፣ በረን በተባለው ድንጋያማ አገር፣ በካሐርማክናክተን የሕግ ትምህርት ቤት ነበረው። በ1560ዎቹ ዓመታት ዶናል ኦዳቮረን የሕግ መጻሕፍትን ከማስገልበጡም በላይ የአስቸጋሪ ቃላትን መፍቻ አዘጋጅቷል። መፍቻው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሕጉ ቋንቋ በዚያን ጊዜ ስምንት ምዕት ዓመት ያህል አርጅቶ፣ ተማሪው በቤቱ ከሚናገረው አይሪሽ ርቆ ነበር። ስለዚህ መምህሩ ጥንታዊውን ንባብ በኋለኛው ዘመን ቋንቋ እየፈታ ያስተምር ነበር። ፍትሐ ነገሥትን በግዕዝ አንብቦ በአማርኛ የሚተረጉመውን የአገራችንን የመጻሕፍት መምህር ለሚያውቅ ሰው ይህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አይሆንም።

የቋንቋው ከችሎት መባረር

የእንግሊዝ አገዛዝ በዚህ ሥርዓት ላይ የተነሣው ቀደም ብሎ ነው። በ1366 የወጣው የኪልኬኒ ድንጋጌ በአየርላንድ የሚኖሩ እንግሊዛውያን የአገሬውን ቋንቋና የብሪሆንን ሕግ እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ነበር። በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝ ሕግ በመላ አገሪቱ ሲጸና የዳኝነት ቤተ ሰቦቹ ሥራቸውን አጡ፤ ትምህርት ቤቶቻቸውም ተዘጉ። በ1737 የወጣው ሕግ ደግሞ የፍርድ ቤት ሥራ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲከናወን አዘዘ፤ ይህን የጣሰ 20 ፓውንድ ይከፍላል። እርግጥ ነው፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ምስክር አስተርጓሚ ይቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ ቋንቋው ከዚያ በኋላ በችሎት የሚሰማው የተከሳሽና የምስክር ቋንቋ ሆኖ እንጂ የሕግ ቋንቋ ሆኖ አይደለም።

ከ1845 ጀምሮ የደረሰው ታላቁ ረኀብ አይሪሽ ይነገርባቸው የነበሩትን የምዕራቡን ድኻ ቀበሌዎች ከሁሉ ይልቅ ጎዳ። በ1851 በተደረገው ቆጠራ አይሪሽ የሚናገረው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል፣ ማለትም ከአራት ሰዎች አንድ እንኳ የማይሞላ ነበር። የማምትራስናው ችሎት የተቀመጠው ከዚያ በኋላ በ31ኛው ዓመት ነው።

በሕግ የተሰጠ ክብር

አየርላንድ ራስዋን የቻለ መንግሥት ስታቆም የ1922ቱ ሕገ መንግሥት አይሪሽን ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ ለእንግሊዝኛም እኩል ዕውቅና ሰጠ። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 8 አይሪሽን የመጀመሪያው፣ እንግሊዝኛን ሁለተኛው የመንግሥት ቋንቋ አደረጋቸው። ከዚህም አልፎ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የአይሪሹ ጽሑፍ እንዲጸና ደነገገ።

ክብሩን በትምህርት ለመደገፍም ሁለት ሕጎች በ1929 ወጥተዋል። አንደኛው የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህራንን ሲቀጥር በአይሪሽ ለማስተማር ብቃት ላላቸው ቅድሚያ እንዲሰጥ አስገደደ። ሁለተኛው ማንም ሰው ጠበቃ ለመሆን በቂ የአይሪሽ ዕውቀት እንዳለው እንዲያስመሰክር አዘዘ። በ1945ም ለሕግ ቃላት አቻ የሚመርጥ አማካሪ ኮሚቴ በሕግ ተቋቋመ።

ነገር ግን ፈተና ማለፍና በቋንቋው መሟገት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕጎቹ ባመዛኙ የሚረቀቁት በእንግሊዝኛ፣ ፍርዶቹም የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ፈተናውን ያለፈው ወጣት ጠበቃ የተማረውን አይሪሽ የሚያውልበት ሥራ እምብዛም አያገኝም ነበር። በመጨረሻም በ2008 የወጣው ሕግ የግዴታውን ፈተና ሽሮ፣ በምትኩ የሙያ ትምህርት ቤቶቹ የአይሪሽን የሕግ ቃላት እንዲያስተምሩና በቋንቋው መሥራት የሚችሉ ጠበቆች በመዝገብ እንዲያዙ አደረገ። በሌላ አነጋገር፣ መንግሥት ከ79 ዓመታት በኋላ ሸክሙን ከፈታኙ ላይ አንሥቶ በመምህሩ ላይ አኖረው።

የመምህሩ ሥራ

ሕግን በሁለቱም ቋንቋ የሚያስተምር ሰው የሚገጥመውን ሥራ ለመረዳት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 መመልከት ይበቃል። አንቀጹ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሊኖረው የሚገባውን ዕድሜ ይወስናል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱን የያዘ ሰው ይላል፤ ይህ በጥብቅ ሲተረጐም 34 ዓመት የሞላውን ሰው ሊያስገባ ይችላል። የአይሪሹ ጽሑፍ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ይላል። ዓመቱ ስለ መሙላቱ የገባው ቃል «ስሎን» ነው፤ ያልጐደለ፣ ደኅና ማለት ሲሆን ሰዎች ሲለያዩ የሚሰነባበቱበትም ቃል ነው። እንግዲህ 34 ዓመት ከስድስት ወር የሆነው ሰው በአንደኛው ጽሑፍ ዕጩ ሊሆን ሲችል በሌላው አይችልም፤ የሚጸናውም የአይሪሹ ነው። ይህን ዕድሜ ወደ 21 ዝቅ ለማድረግ በ2015 የቀረበውን ሐሳብ ሕዝቡ በድምፁ ስላልተቀበለው አንቀጹ እንዳለ ጸንቷል።

በእንግሊዝኛ ብቻ የሚማር የሕግ ተማሪ ይህን ልዩነት በግርጌ ማስታወሻ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚማረው ግን የሚጸናውን ጽሑፍ ራሱ ያነብባል። የሁለት ቋንቋው መምህር ጥቅም በመጀመሪያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ የበላይ የተባለውን ጽሑፍ በሌላ ሰው ምስክርነት ሳይሆን በገዛ ዓይናቸው ይመረምሩታል።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የአየርላንድ ሕግ በቀደሙ ፍርዶች ላይ የቆመ ነው፤ እነዚያም ፍርዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። መምህሩ ፍርዱን በእንግሊዝኛ አንብቦ በአይሪሽ ያብራራል፤ በአይሪሽ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ ጥቂት ስለ ሆነም የትምህርቱን ጽሑፍ በአብዛኛው ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ቃላትን በተመለከተ ከጥንቱ የወረሰው ሀብት ይረዳዋል፤ ዳኛ ዛሬም የሚጠራው ብሪሆን ከተባለው ስያሜ ጋር አንድ ሥር ባለው ቃል ነው። ይሁን እንጂ አሮጌ ቃል ያታልላል። የደም ዋጋ የነበረው «ኤሪክ» በዛሬው አነጋገር ለካሳና ለአጸፋ የሚነገር ስለ ሆነ፣ ተማሪው የ8ኛውን ምዕት ዓመት ትርጉም ይዞ ዛሬ ችሎት ፊት እንዳይቀርብ መጠንቀቅ የመምህሩ ፋንታ ነው።

ጥንታዊው ሕግ ራሱ ለጥናት የበቃው በመምህራን ድካም ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሮማ ሕግና የሕግ ታሪክ ፕሮፌሰር የነበሩት ዳንኤል ቢንቺ የብሪሆንን ሕግ ጽሑፎች ከየብራናው አሰባስበው በ1978 በስድስት ቅጾች አሳትመዋል። ዛሬም የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕግንና አይሪሽን አጣምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

ፈተናው በችሎት

የመማሪያ ክፍሉ ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ያሳያሉ። በመጀመሪያው ጉዳይ በትራፊክ ወንጀል የተከሰሰ ሰው የተከሰሰበትን ሕግ በአይሪሽ እንዲሰጡት ጠየቀ፤ መንግሥት ግን ትርጉሙን አላዘጋጀም ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2001 በሰጠው ውሳኔ መንግሥት የሕጎችን ይፋዊ ትርጉም በአይሪሽ የማቅረብ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ እንዳለበት አረጋገጠ። በሁለተኛው ጉዳይ አይሪሽ ተናጋሪ ተከሳሽ ያለ አስተርጓሚ የሚሰሙት ዳኞች ከሕዝብ እንዲመረጡለት ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ በ2014 በድምፅ ብልጫ ጥያቄውን አልተቀበለውም፤ እነዚህ ዳኞች ከመላው ኅብረተሰብ በዕጣ ሊመረጡ የሚገባ ሲሆን፣ አይሪሽ የሚያውቁትን ብቻ መምረጥ አብዛኛውን ሕዝብ ያስቀራልና። በ2022 በተደረገው ቆጠራ አይሪሽ መናገር እንችላለን ያሉት 1,873,997 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየዕለቱ የሚናገሩት 71,968 ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ከማይልስ ጆይስ ዘመን ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም አስተርጓሚው ከችሎት አልወጣም። በሌላ በኩል ግን አዲስ የሥራ በር ተከፍቷል። አይሪሽ ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗል፤ የትርጉም ሥራውን የሚወስነው ጊዜያዊ ገደብም በ2022 መጀመሪያ ተነሥቷል። የኅብረቱን ሕጎች በአይሪሽ ለማውጣት ሕግንም ቋንቋንም በደንብ የተማሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ለዘመናት ጥቅሙ ምንድን ነው እየተባለ ይጠየቅበት የነበረው ትምህርት እንጀራ የሚበላበት ሙያ ሆነ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

አየርላንድና ኢትዮጵያ በቋንቋ ታሪካቸው አይመሳሰሉም፤ አማርኛ ከችሎት የተባረረ ቋንቋ አይደለም። በአንድ ነጥብ ላይ ግን ይገናኛሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ትምህርቱን የሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 3 በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ልዩነት ቢኖር የአማርኛው እንዲጸና ደንግጓል። እንግዲህ በኢትዮጵያም እንደ አየርላንድ የሚጸናው ጽሑፍ በአንድ ቋንቋ፣ ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ጉዳይ ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መሐንዲስ የሚፈርመው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል፣ ለምሳሌ የፊዲክ ውል፣ ገዥው ቋንቋ የትኛው እንደ ሆነ እንዲወሰን ያደርጋል። ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ ክርክሩ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሲታይ ግን ከፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል የተጻፉት አንቀጾች በአማርኛ ይነበባሉ። ሥነ ሥርዓቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የተማረው መሐንዲስ፣ በእንግሊዝኛ ከተማረው ጠበቃው ጋር፣ በአማርኛ ለሚጽፈው ዳኛ መልስ ይሰጣል።

የአየርላንድ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ቋንቋ የበላይ ነው ብሎ መደንገግ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ከ1929 እስከ 2008 ያለው ዘመን የተጸናው ጽሑፍ አንባቢ ሳያገኝ እንዴት ሊኖር እንደሚችል አስረድቷል። የዶናል ኦዳቮረን የቃላት መፍቻ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ከብራና ተመራማሪ በቀር የሚገልጠው አልነበረም። ዛሬ በኮርክ አንቀጽ 12ን በሁለት ቋንቋ ለተማሪዎቹ የሚያነብ መምህር የያዘው ሥራ ያንኑ የተዘጋ ትምህርት ቤት መልሶ መክፈት ነው።