ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ኢንፌክሽንን መከላከልና የሆስፒታል ፋርማሲስት

አንጀቱ በቀዶ ከታከመ ሰው ላይ የተሰፋው ቁስል ሊያመረቅዝ፣ ወይም መግል በሆድ ዕቃው ውስጥ ሊቋጠር ይችላል። ትልቁ አንጀት በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ፣ የቀዶ ክፍሉ ምንም ያህል ቢጸዳ አደጋው ከብዙ ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች ይበልጣል።

በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ትልቁን አንጀት በድንገት ከሚዘጉ ሕመሞች ዋነኛው የሲግሞይድ መጠምዘዝ ነው። ረጅምና ልል የሆነው የትልቁ አንጀት ታችኛ ክፍል በራሱ ላይ ይዞራል፤ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ አየርም ሰገራም መውጣቱን ያቆማል። ከጨነቅ ማዶ ከጃን አሞራ የተነሣ በሽተኛ ደባርቅ ቢደርስም፣ በዳባት አድርጎ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ደም ያጣ አንጀት ደግሞ መንገድ አይጠብቅም፤ ይጠቁራል። አንጀቱ ካልሞተ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አየሩ ይወጣና ቀዶው በቀጠሮ ይሆናል። ከሞተ ግን ወዲያው ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ አንጀት ለማጠብ ጊዜ የለም።

መከላከያው አንቲባዮቲክ በደም ሥር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ሴፋዞሊን 2 ግራም ከሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም ጋር የታወቀ ጥምረት ነው፤ ቀዶው 4 ሰዓት ካለፈ ሴፋዞሊኑ ይደገማል። በአገራችን ግን እጅ የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ ወደ ሴፍትሪያክሶን ነው።

የፋርማሲስቱ ሥራ እዚህ ይጀምራል። መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ አስታማሚ ወረቀት ይዞ ወደ ውጭ ፋርማሲ ሲሮጥ ያ አንድ ሰዓት ያልቃል። አለርጂን፣ ክብደትንና የኩላሊትን ሁኔታ የሚያጣራውም እሱ ነው። ፋርማሲስት ከመስኮት ወጥቶ ወደ ታካሚው አልጋ መቅረብ የጀመረው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፈር ቀዳጅ በሆነበት የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ነው።

ከማስጀመር ይልቅ ማስቆም ይከብዳል። መርፌ ሲቆም በሽተኛው የተረሳ የሚመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ሐኪምም ቢሆን «ለማንኛውም» ብሎ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ቀዶው ካለቀ በኋላ መከላከያውን ማራዘም አይመክርም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች የመሩት የአንቲባዮቲክ ቁጥጥር፣ ለአንጀት ቀዶ ብቻ የተደረገ ባይሆንም፣ ሲቋረጥ የመድኃኒቱ አጠቃቀም ተመልሶ ጨምሯል።

አንጀቱ ሞቶ ወይም ተበስቶ ከተገኘ አንቲባዮቲኩ መከላከያ መሆኑ ይቀርና ሕክምና ይሆናል፤ ብክለቱ በሚገባ ከተወገደ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ቀን ይበቃል። ፋርማሲስቱ በማለዳው ዙር ካርዱ ላይ የሚፈልገው ይህን ነው፦ የተጀመረበትን ሰዓትና የሚቆምበትን ቀን።