ሰባት አባት፣ ስልሳ አራት እናት

እኛ ሀገር ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ሁሉ፣ ካዛኮችም «ዠቲ አታ» ይላሉ፤ «ሰባት አባት» ማለት ነው። በሰባቱ ውስጥ የተገናኙ አይጋቡም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደው ዋይ ክሮሞዞምም ልክ እንደዚህ አባት ለአባት ይቆጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ከፓስፊክ እስከ ካስፒያን ባሕር በተዘረጋው ሰፊ ምድር 8 በመቶ ያህሉ ወንዶች ተቀራራቢ ዋይ ክሮሞዞም እንዳላቸው አሳየ። መነሻው ሞንጎሊያ ነው ተባለና ጄንጊስ ካን ተጠረጠረ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ግን እንጠይቅ፤ በ1227 የሞተው ካን መቃብሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ ታዲያ ከማን ደም ጋር ተመሳከረ? በ2018 ደግሞ ሌላ ጥናት የዘሩን ግንድ ከካኑ አንስቶ ለተራ ሞንጎሎች ሰጠው።

ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ስንሄድ የእያንዳንዳችን የዘር ሐረግ 128 ሰው ይደርሳል። ዋይ ክሮሞዞም የሚያወራልን ስለ አንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት 127ቱ ውስጥ 64ቱ እናቶች ናቸው። የካዛኮች የእናት መስመር ሲመረመር የምሥራቁም የምዕራቡም ዘር ተቀላቅሎ ይገኛል። በፈረስ የመጣውን አባት ብቻ ቆጥረን «ዘራችን ይህ ነው» ካልን፣ ታሪክ ሳይሆን ፉከራ ነው የጻፍነው።