ከሉሕ እስከ ቤተ መጻሕፍት፦ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትና የንባብ ልማዳችን

ማንበብ ማለት ፊደልን በዓይን ተከትሎ ምስጢሩን በልቦና መያዝ ነው ብለን የምናምን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ ይህ አስተሳሰብ በአገራችን የቅርብ ዘመን እንግዳ ነው። ለአያቶቻችን ንባብ ከሁሉ አስቀድሞ ድምፅ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የከፍተኛ ትምህርት ይህን ልማድ እንዴት እንደ ለወጠው፣ ከለውጡም ምን እንዳተረፍንና ምን እንደ ጐደለብን ለሙያ ባልደረቦቼ በአጭሩ ማሳየት ነው።

የተወለድሁት በሰንበቴ ነው። ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል የምትገኝ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። በእሑድ ገበያዋ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኙባታል። በቤታችን የመነጋገሪያው ቋንቋ ኦሮምኛ፣ የገበያው አማርኛ፣ የመጽሐፉ ደግሞ ዐረብኛ ነበር። ወንድ አያቴ በወጣትነታቸው ደረሳ ሆነው ከሼኽ ወደ ሼኽ የተንከራተቱ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ አንዱን የፊቅህ መጽሐፋቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ፣ በየመካከሉም ቆም እያሉ በኦሮምኛ ይፈቱት ነበር። ሴት አያቴ ፊደል የቈጠሩ ባይሆኑም፣ መጽሐፉን ከመስማት ብዛት ስላወቁት፣ ባለቤታቸው አንድ መስመር ሲዘሉ «አልፈኸዋል» ብለው ያርሟቸው ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ልማድ ብቻ አልነበረም። በወሎ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ እንደ ዳናና እንደ ጌታ ባሉት የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማእከሎች ዕውቀት ሲተላለፍ የኖረው በመምህር ፊት በማንበብና በማዳመጥ ነው። ጀማሪው ልጅ ሐርፉን በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘው ሉሑን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፍበታል። ፊቅሁን፣ ነሕዉንና ተፍሲሩን የሚቀጥለውም እያነበበ በመምህሩ እየታረመ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪም እንደዚሁ ከፊደል ተነሥቶ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት እስኪደግም ድረስ፣ ድምፁ በመምህሩ ጆሮ ሳይፈተን ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በሁለቱም ሥርዓት መጻሕፍቱ ጥቂቶች፣ ምልልሱ ግን ብዙ ነበር። ጕድለቱም የዚያኑ ያህል የሚታይ ነው፤ አንዱን ደራሲ በሌላው መመዘን፣ የተጻፈውን መጠራጠርና ማስረጃ መጠየቅ ለተራው ተማሪ የተፈቀደ አልነበረም።

ይህ ሥርዓት በነበረበት አገር በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ጀመረ። በ1945 ዓ.ም. የእኛ ሙያ መነሻ የሆነው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ተከተለ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ፣ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ከጊዜ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በኖሩበት በዚያው ሕንጻ መጻሕፍቱንና ቅርሶቹን አኖረ።

ከየጠቅላይ ግዛቱ ተጠራርቶ ወደዚያ ግቢ የገባው ወጣት የንባብ ልማዱ በሦስት መንገድ ተለወጠ። በመጀመሪያ፣ ቤተ መጻሕፍት የዝምታ ቤት ስለሆነ ድምፁን ዋጠ። ሁለተኛ፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ ዓመት መክረሙ ቀርቶ በአንድ ወር ብዙ መጻሕፍትን መገላበጥና አንዱን ከሌላው ማነጻጸር ተማረ፤ ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። ሦስተኛ፣ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ሆነ። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ይልቅ ሥር የሰደደው የመጨረሻው ነው። የደረሳው ዐረብኛና የቅኔ ተማሪው ግዕዝም ለቤተሰብ እንግዳ ቋንቋዎች መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ከንባቡ ጐን ፍቺው ስለሚከተል ቤተሰቡ ድርሻውን ያገኝ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ያነበበውን የሚፈታበት ወግ አልተሰጠውም።

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ተማሪዎች ይህን ክፍተት ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ፕሮግራም አንድ ዓመት በየአውራጃው ሲያስተምሩ ከሕዝቡ ጋር ተያይተዋል። በጥናት ክበቦቻቸውም በኅብረት ያነብቡና ይከራከሩ ነበር። ነገር ግን በኅዳር 1962 ዓ.ም. የወሎው ተማሪ ዋለልኝ መኰንን በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ያወጣው፣ ብዙ ያነጋገረው ጽሑፍ እንኳ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ጕዳዩ የሚመለከተው ገበሬ ሊያነበውም፣ ሲነበብ ሰምቶ ሊረዳውም አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ግን ያ ዝምተኛ አንባቢ ድምፁን ለማውጣት ተገደደ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው ማስረዳት ከዘማቹ ተግባሮች አንዱ ነበርና። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ከነዚህ አንዱ ኦሮምኛ ነበር። የዘመኑ ፖለቲካ ያስከተለው ጕዳት ሳይዘነጋ፣ የተማረውን ሰው ንባብ ወደ ሌላው ጆሮ ለማድረስ የተደረገ ትልቅ ሙከራ መሆኑን መካድ አይቻልም።

እኔ አምስት ኪሎ ስገባ ያ ዘመን አልፎ ነበር። እኛ የምናነበው ለፈተና የሚወጣውን ነበር። የመምህሩን ማስታወሻ እናባዛለን፤ የቆየ ፈተና እንሠራለን፤ ከመጽሐፉም ምዕራፉን ትተን በመጨረሻ የተሰጠውን ማጠቃለያ እናያለን። በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ መጻሕፍት ብከፍትም ከዳር እስከ ዳር የጨረስኋቸው ጥቂት ነበሩ። በአንድ የዕረፍት ጊዜ ሻንጣዬን ሞልቼ ሰንበቴ ስመለስ አያቴ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ዳስሰው፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ታነብልኛለህ?» አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ አልመለስሁላቸውም።

መልሱን ያገኘሁት በሥራ ላይ ነው። ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የአፈር ምርመራው ዘገባ ሲደርሰኝ፣ እንደ ልማዴ ማጠቃለያውንና ሠንጠረዡን ብቻ አይቼ ሥራውን አስጀመርሁ። በዘገባው መካከል ግን በአንዲት ወንዝ መሻገሪያ ያለው ጥቁር የኮትቻ አፈር በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ በመሆኑ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ በጥልቀት ተቆፍሮ በተመረጠ አፈር እንዲተካ የሚያዝ አንድ አንቀጽ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ የከልቨርቱ ክንፍ ግንብ ተሰነጠቀ፤ ፈርሶም እንደገና ተሠራ። ፎርማናችን በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ነበሩ፤ «ኢንጂነር፣ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ተጽፎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲ ንባብ ከአያቶቻችን ንባብ ጋር መታረቅ እንደሚችል ግን ምስክር አለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በወሎ እስልምና ታሪክ ላይ ያተኮረ ነበር። ለዚህም የሼኾቹን የዐረብኛ ጽሑፎች ከመመርመራቸውም በላይ የሽማግሌዎችን ቃል አዳምጠዋል። ጥናቱ በመጽሐፍ መልክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ቢያርፉም፣ ከዩኒቨርሲቲ ያገኙትን የማነጻጸርና የመጠየቅ ልማድ ይዘው ወደ ደረሳዎቹ መጻሕፍት በመመለሳቸው፣ የእኛ አያቶች ንባብ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ ተቀምጧል።

እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ንባባችንን አሰፋው እንጂ አላበላሸው፤ ያጐደለብን አንድን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ለሌላው የመፍታትን ልማድ ነው። እኔ ከዚያ ግንብ ወዲህ የአንድ ሥራ ዘገባና የሥራ ዝርዝር ሲደርሰኝ ከፎርማኑና ከሰርቬየሩ ጋር ተቀምጠን፣ አንቀጽ በአንቀጽ ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛም እፈታዋለሁ። ሁለትና ሦስት ጥዋት ይወስዳል። በዚያ መካከል ያልተማረው ሠራተኛ «እዚህ ላይ አልፈኸዋል» ያለኝ ጊዜ አለ። ባልደረቦቼም ከሚቀጥለው ሥራቸው ላይ ይህን ያህል ጊዜ እንዲቈርጡለት አደራ እላለሁ።